የጾም ዝንብ

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬ ሁዳዴ ገባ፤ ልጄም እብድ ሆኖ ተቀጠረ።

ቀልድ አይደለም። ሮቢ ስንት ቦታ ተፈትኖ ስንት ቦታ ከተመለሰ በኋላ፣ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ዋናው ጎዳና ስትሪፑ ላይ ያለ አንድ ሆቴል ለሚያሳየው ቲያትር ተመረጠ። ታሪኩ የደም መጣጭ ነው። ቀን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ የሚውል፣ ሲመሽ ተነስቶ የሰው አንገት የሚነክስ መስፍን አለ። ልጄ ቁመትም መልክም ስለማያንሰው መስፍኑን የሚሆን መስሎኝ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

«ኖ አባዬ፣ እኔ እብዱ ነኝ» አለ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እየሳቀ።

እብዱ ሆስፒታል ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር ሰው ነው አሉ። ዝንብ እየያዘ ይበላል፤ የበላው ነፍስ ሁሉ በእሱ ዕድሜ ላይ የሚጨመር ይመስለዋል። ያን ደም መጣጭ «ጌታዬ» እያለ ይጠብቀዋል። ጌታው ግን አንድም ቀን አዝኖለት አያውቅም።

«በሁዳዴ ዝንብ ልትበላ ነው?» አልኩት።

«ዘቢብ ነው አባዬ። የጾም ነው።»

ባለቤቴ ጽጌወይን ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እራት ላይ ግን ቆርሼ ያነሳሁትን መልሼ አስቀመጥኩት። ልጆች ሳለን አንካሳ መስለን ስናነክስ እናቴ «አታሟርቱ!» ብላ በያዘችው ትመታን ነበር። የበሽተኛ አኳኋን አይቀዳም። ታላቅ ወንድሜ ተፈሪ ሲታመም ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሮቢ በሰኔ ሃያ አራት ይሞላዋል።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ጽጌ።

«ምንም» አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ለሥራ ልወጣ ስል ነው። በረንዳው ላይ የወይራ ጠርሙስ አገኘሁ። ክዳኑ በምስማር ተበሳስቷል። ውስጡ ዝንብ። በሕይወት ያለ ዝንብ! ዘቢብ ነው አላለኝም እንዴ? ከፍቼ ለቀቅኳቸው።

ማታ። ሮቢ «ጠርሙሴን አይተሃል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት።

«ሪሰርች ነው እኮ አባዬ። እንዴት እንደሚሄዱ ማየት አለብኝ።»

ሪሰርች። ተፈሪም ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው።

እሑድ፣ የካቲት 23

ስለ ተፈሪ ጽፌ አላውቅም፤ ልጻፍ። ጎንደር፣ አስተማሪ ሆኖ ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ታመመ። ከግድግዳ ጋር ያወራል፣ ሌሊት አይተኛም፣ የበላበትን ሳህን ይደብቃል። ጸበል ወሰዱት፤ እዚያም አሰሩት። እኔ ወደ ሱዳን ስሻገር እንደታሰረ ነበር። ገዳሪፍ ሳለሁ መሞቱን ሰማሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ታሞ ሞተ» እላለሁ። በምን ታሞ ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ ሰው የለም። ለሮቢም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ወልደሰንበት አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃቸው ሐሌሉያ ነርስ ናት፤ ከሮቢ ጋር ይዋደዳሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልንልክ ተስማምተናል። ሰውየው ኢንስፒራዳ የሚባለው ሰፈር ትልቅ ቤት አላቸው፤ ከቤታቸው የሚበልጠው ደግሞ ጥያቄያቸው ነው። ስለ ሌላ ሰው ሠርግ እያወሩ «ሀብት ይመጣል ይሄዳል። ዋናው ዘር ነው። እብድ፣ የሚጥል በሽታ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ማጣራት ነው» አሉ። እኔን እያዩ አልነበረም። ቢሆንም ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሮቢ ደግሞ ሌሊቱን አልተኛም። የአፓርትመንት ግድግዳ ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ይስቃል፣ ያቆማል፣ ያንኑ ሳቅ እንደገና ይስቃል። ሰው አንድን ሳቅ ስንት ጊዜ ይስቀዋል?

ሥራ ቦታዬ፣ ካዚኖ ውስጥ፣ ለሱፊያን ነገርኩት። እኔም እሱም ዲለሮች ነን፤ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ላይ ካርድ ያድላል። የሐረር ልጅ ነው፣ እሱም ረመዳን ይዟል፤ የዕረፍት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጦመኞች ባዶ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን።

«ኃይሌ ሙት፣ ልጁ ሥራውን እየሠራ ነው» አለኝ። «አንተ የምትፈራው ሌላ ነገር ነው።»

«ምን?» ስለው ዕረፍታችን አለቀ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሰኞ ሥራ የለኝም። ቀሲስ መጥተው ቤቱን ጸበል እንዲረጩልን ጠየቅኳቸው። ካስረጨን ቆይቷል። ሌላ ምክንያት የለውም። ለጽጌ ገና አልነገርኳትም፤ እሷ ሰኞ ሥራ ናት። ሮቢ ቤት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ይህን ጉድ ምን ብዬ ልጻፈው!

ቀሲስ መጡ። አስካል አብራቸው መጣች፤ የጽጌ የማኅበር ጓደኛ ናት፣ እሳቸው መኪና ስለማይነዱ እሷ ናት የምታመላልሳቸው። ሳሎኑን ረጩ፣ ወጥ ቤቱን ረጩ፣ የእኛን መኝታ ቤት ረጩ። «ያኛውስ?» አሉ የተዘጋውን የሮቢን በር እያዩ።

«እሱንም ይርጩልኝ» አልኩ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ብቻ ልጁ ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ብቻውን እንደሚያወራ ትንሽ ጨመርኩበት። አስካል ነጠላዋን አጣፋች።

በሩን ከፈትኩት። ሮቢ ጀርባውን ሰጥቶን ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ያን ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቷል። ላፕቶፑ አልጋው ላይ ነው፤ ለካ ከቲያትሩ ዳይሬክተር ጋር በቪዲዮ ልምምድ ላይ ነው። እኔ ስክሪኑን አይቻለሁ። ቀሲስ አላዩትም። «ቆይ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ አላልኩም።

ቀሲስ «በስመ አብ» ብለው ረጩት። ቀዝቃዛው ውሃ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ሮቢ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! እኔ አባቱ እንኳ ወደ ኋላ አልኩ። ዳይሬክተሯ ተዋናዮቹን «ድንገት የሚመጣውን ሁሉ ተጠቀሙበት፣ አታቋርጡ» ትላቸዋለች አሉ፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጁ ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን ዘርግቶ ወደ እኛ ዞረ።

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር!» አሉ ቀሲስ መስቀላቸውን አውጥተው።

ሮቢ አልሰማቸውም፤ የቲያትሩን ቃል በእንግሊዝኛ ቀጠለ። አስካል እንግሊዝኛዋ ለክፉ አይሰጥም። «የጌታዬ አገልጋይ ነኝ፣ ጌታዬ በመንገድ ላይ ነው ይላል አባታችን!» ብላ አስተረጎመች።

«ልቀቅ! ይህን ልጅ ልቀቅ!» ትከሻውን በመስቀሉ መታ መታ አደረጉት።

ያን ጊዜ ነው ዓይኑን የገለጠው። ማዳመጫውን አወለቀ። ቀሲስን አየ፣ አስካልን አየ፣ የረጠበውን ላፕቶፕ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዳይሬክተሯ ላፕቶፑ ውስጥ ሆና እያጨበጨበች «ብሪሊያንት! ብሪሊያንት!» ትላለች።

አስካል እልል አለች። ለቀቀው ብላ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሮቢ ወጣ። ትራሱንና ልብሱን ይዞ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ጓደኛው ቤኪ ጋ ነው የሚያድረው። በር ላይ ቆሞ «አባዬ፣ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም? ጀስት ጠይቀኝ» አለኝ።

ምን ብዬ ልጠይቀው? አብደሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

እሑድ፣ መጋቢት 7

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። ቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚሉኝ ሁሉ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው «እግዚአብሔር ይማርላችሁ» ይሉኛል። ስፕሪንግ ቫሊ ያለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ሽሮ ሳነሳ ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የኃይለማርያም ልጅ ላይ ጮኸበት እኮ! በእንግሊዝኛ ነው አሉ የተናገረው።»

«እንዴ፣ የዚህ አገር ሰይጣን በምን ይናገር ብለሽ ነው?»

በሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ሽሮውን መልሼ ወጣሁ።

ማታ አቶ ወልደሰንበት ደወሉ። ድምፃቸው ማር ነው። «ከፋሲካ በኋላ ያልነው ነገር ለጊዜው ይቆይ። ልጁም ጤናው ይመለስለት፣ እኛም እናጣራ» አሉ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

የልጄን ትዳር ይህ የተረገመ ቲያትር አፈረሰው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

«ቲያትሩ ነው ቀሲስን የጠራቸው?» አለችኝ ጽጌ። ከዚያ ወዲያ የምትለውን የሚያቆማት አልተገኘም። ጤነኛውን ልጅ በሰው አፍ አሳበድከው አለች። ለእሱ ብዬ ነው አልኳት።

«ለራስህ ብለህ ነው። አንተ ልጅህን ስታይ ተፈሪን ነው የምታየው።»

ስሙን ጠራችው። በቤታችን ውስጥ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሰማሁ አይመስለኝም። ሳሎን ተኛሁ። ነገ ሮቢን ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አልደወልኩም። ሥራ በዛ። ኦቨርታይም ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ቲያትሩ ተከፍቷል። ሱፊያን ሁለት ትኬት ይዞ መጣ። «በጾም ቲያትር አልገባም» አልኩት። «የሚበላው ዘቢብ ነው ብለኸኝ የለ እንዴ» አለኝ። እሑድ ከሰዓት ነው። ያ ቀን ለእሱ ዒድ ነው፤ በዒዱ ከሚስቱ ተደብቆ ከእኔ ጋር እብድ ሊያይ ነው። ወዳጅ ማለት ይህ ነው እንግዲህ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ሁሉንም ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ካደረ አሳምረዋለሁ።

ዛሬ ገብር ኄር ነው። ጠዋት የተሰበከው ስለዚያ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ጌታው የሰጠውን አትርፎ «ወደ ጌታህ ደስታ ግባ» የተባለው። ከሰዓት ደግሞ ሌላ አገልጋይ አየሁ።

ሮቢ ሲገባ አላወቅሁትም። ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ፣ ለሐኪሙ ፈገግ ይላል። ዘቢቡን ሲያሳድድ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ጌታው መጣ። ልጄ እግሩ ላይ ወደቀ። ጌታው ቃል እንኳ ሳይናገር በእጁ ሂድ አለው። እብዱ ተነሳ፤ እጁን አንዴ አጨበጨበ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ወደ ታች ገለበጠ፣ ለጣሪያው አሳየ።

ሱፊያን ጉልበቴን ያዘኝ። «ያ ረቢ! ኃይሌ፣ ይሄ አንተ ነህ እኮ!» አለና ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

እኛ ዲለሮች ከጠረጴዛ ስንነሳ እንደዚያ እናደርጋለን። ምንም አልወሰድኩም ለማለት እጃችንን ለጣሪያው ካሜራ እናሳያለን። ከሃያ ዓመት በላይ አድርጌዋለሁ። ጽጌ እራት በልተህ ስትነሳም ታደርገዋለህ ትለኛለች፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉን አየሁት። ፈገግታው የእኔ ነው። የተሰበረው አንገት የእኔ ነው። በር ከፍቶ «ጉድ ላክ ሰር» የሚለው ድምፅ፣ የእኔው የሺፍት ድምፅ ነው። እኔ በግድግዳ በኩል ተፈሪን ስሰማ፣ እሱ ያን ሁሉ ሌሊት ሲያጠና የነበረው እኔን ኖሯል።

እሳት ሆንኩ። ልወጣ ስል ሱፊያን እጄን አልለቅ አለኝ። እንኳንም አልለቀቀ።

መጨረሻ ላይ ጌታው አንዲት ሴት ሊወስድ ይመጣል። እሷ ለእብዱ ደግ ነበረች። እብዱ እግሯ ላይ ወድቆ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ሂጂ ይላታል። ማን ይስማው? እብድ ነዋ! ያን ጊዜ በሩ ላይ ይቆማል፤ ዕድሜ ልኩን «ጌታዬ» ያለውን ሰው አታልፍም ይለዋል። ጌታው እንደ ደረቅ እንጨት ሰበረው። እኔ ልጄ ሲሞት አይቼ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት ተቀመጥ አሉኝ።

ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅሁት። የቲያትሩ ቀለም ገና ከአንገቱ አልለቀቀም።

«ተናደድክ?» አለኝ።

«እብድ ለመምሰል ከሰው ሁሉ እኔን መረጥክ?»

«እብድ ስለሆንክ አይደለም አባዬ። እሱ ሎያል ነው። ጌታው ዴንጀረስ እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ትንሽ ሆኜ ስለ ሥራ ትነግረኝ ነበር። ያ የሚጫወተው ሰውዬ ቤቱን ሊያጣ ነው፣ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ ትላለህ። ምን አልከው ስልህ፣ ጉድ ላክ ሰር አልኩት ትላለህ።»

«ሥራዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ቤትም እንደዛ ነህ።»

እኛን ያሳደጉን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ነው። ይህን በእሱ አማርኛ ላስረዳው ሞክሬ ተውኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የጠበቅሁት፤ «ጎበዝ ነህ» ብቻ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት አሮጊት። ስልኳ ይጠራል፣ ልጇ ነው፣ ትዘጋዋለች። ደግሞ ይጠራል። ፊቷን አይቼ አውቄያለሁ። «ጉድ ላክ ማም» አልኳት። አፌን መረረኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ሆሳዕና። አቶ ወልደሰንበት ዘንባባውን ጭንቅላታቸው ላይ እንዳሰሩ ጠሩኝ። «ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌ አትላክ። አንተው ና» አሉ። እንዲህ ያለ ወግ የት አለ? የልጁ አባት ራሱ ሄዶ ደጅ አይጠናም። እመጣለሁ አልኳቸው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ሮቢ ጠዋት መጥቶ ከእኛ ጋር ፈሰከ። ጽጌ የዶሮ ወጡን እንቁላል ለእሱ አወጣችለት። ሐሌሉያ አልመጣችም፤ አባቷ ከልክለዋታል። ልጁ ሳህኑን እያየ በላ። ስሙን ጠራሁት፤ ቀና ሲል «ጨምር እንጂ» አልኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አቶ ወልደሰንበት ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ብቻችንን ተቀመጥን። ለስላሳ አቀረቡልኝ። ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን።

«ቲያትር ነው ትላለች ልጄ» አሉ። «ቀሲስም አልተረዳነውም ነበር ብለውኛል። እኔ አስቸጋሪ ሰው አይደለሁም። በዘራችን የለም በልና ማልልኝ፤ ነገሩን እዚሁ እንዝጋው። ሽማግሌም ላክ፣ ቀንም እንቁረጥ።»

አንድ ቃል ነበር የሚፈልጉት። የለም ብል ልጄ ሚስቱን ያገኛል። ጎንደር ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የለም፤ የሚያውቁትም አልቀዋል። ለስላሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ነበረ» አልኩ። «ተፈሪ የሚባል ታላቅ ወንድሜ አእምሮውን ታሞ ነበር። እንደታሰረ ሞተ። ሮቢ ጤነኛ ነው፤ ለነገው ግን አልምልም። እርስዎም ለልጅዎ ነገ አይምሉም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ባልጨምራት ይሻል ነበር። ምን ላድርግ፣ ወጣች።

አቶ ወልደሰንበት «ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «አሁን ምን ላድርግህ?» ከዚያ «እናስብበት» ብለው ተነሱ። ይህ እናስብበት ሙሽራ ለማስከበር የሚባለው እናስብበት አይደለም።

ሐሌሉያ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ከወጥ ቤት ሆና ሰምታለች።

«አባባ፣ ሮቢ ስለ ወንድምዎ ድሮ ነግሮኛል። እማማ ጽጌን ጠይቆ ነው የሰማው።»

«አንቺ አልፈራሽም?»

«እኔ ነርስ ነኝ እኮ። የሚፈራው ሮቢ ነው። ሃያ አራት ሲሞላኝ ይላል፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለውም። እርስዎ ስለማይናገሩ በጣም መጥፎ ነገር ነው ብሎ ያስባል።»

ለካ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ስስ ነበር። «አባትሽ እምቢ ቢሉስ?» አልኳት።

«አባቴን ለእኔ ይተዉት» አለችና በሩን ዘጋችልኝ።

ወደ ቤት መታጠፍ ትቼ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ረቡዕ ቲያትሩ ዝግ ነው፤ ሮቢ የቤኪ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ከአቶ ወልደሰንበት ጋ መምጣቴ ነው። ምናልባት አበላሽቼብህ ይሆናል» አልኩት። «ስለ ተፈሪ ነገርኳቸው። ለአንተ ነበር አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ። ቀሲስን ያመጣሁትም ስለፈራሁ ነው፤ ይቅር በለኝ።»

ስልኩን አስቀመጠ። በመንገድ ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። እንዴት ጀመረው ይለኛል፣ ድምፅ ይሰማው ነበር ወይ ይለኛል፣ እኔንስ ይይዘኛል ወይ ይለኛል ብዬ። ሮቢ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ምን ይወድ ነበር?» አለኝ።

ተፈሪ ከሞተ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። በእኔ ሐሳብ ውስጥ እንኳ ታስሮ ብቻ ነው የኖረው።

«ሸንኮራ» አልኩት። «ከገበያ ስንመለስ በጥርሱ ይልጥና ውስጡን ለእኔ ይሰጠኛል። እሱ ልጣጩን ነበር የሚመጠው…»

ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ዛሬ አለቀስኩ።

«ከዛስ?» አለ ሮቢ፣ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ።

የሺፍቴ ሰዓት ደርሷል። ካዚኖ ደወልኩና ዛሬ አልመጣም አልኳቸው።